ባሕር ዳር ላይ ቁልቋልን የሚገድለው ጥም አይደለም

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ነው። በእኛ ሰፈር የቧንቧ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ቢመጣ ነው። ሣሩን በጀሪካን ማጠጣት ሲሰለቸኝ ነቀልኩትና፣ ልጄ ከአሜሪካ፣ ከአሪዞና በረሃ በምትልክልኝ ፎቶ ዓይነት ውሃ የማይፈጅ፣ የድንጋይና የካክተስ ግቢ ላደርገው ተነሣሁ። የምፈልገው እሾሃምና የአገራችን የሆነ ነው። ባለፈው ግንቦት ሁለት ቁልቋልና አንድ ክብ ካክተስ ገዝቼ ተከልኩ። መሬቱ ጥቁር ነው። እንዳይጠማቸው ብዬ አንድ ቀን እየዘለልኩ አጠጣኋቸው። ነሐሴ ላይ ክቡ ፈረሰ። አንዱ ቁልቋልም ከሥሩ ጠቁሮ ወደቀ። የቀረው አጥሩ ጥግ፣ አጋም ሥር ነው ያለው። ቆሟል፤ ግን ደስ አላለኝም። ምን አጠፋሁ? ልጄ ለፋሲካ ስትመጣ ከዚያ ካክተስ ላምጣልህ ትላለች፤ ታምጣ? የቁልቋል ወተት ዓይን ያጠፋል የሚባለውስ እውነት ነው?»

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አዎ፣ የወተቱ ነገር እውነት ነው፤ እመለስበታለሁ። የእርስዎ ጥፋት ደግነት ነው። ውሃ አበዙባቸው። ጠብታ ባያጠጧቸውም ግን ያ ቦታ ሐምሌን አያሳልፋቸውም ነበር።

መምህር ነዎትና ሒሳብ አይሰለችዎትም፤ በቁጥር እንየው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች። ትልቁን ድርሻ የሚወስዱት ሐምሌና ነሐሴ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ወደ 400 ይጠጋሉ። እንግዲህ ያቺን ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ያስቧት። በሐምሌ ወር ብቻ ቁልቋልዎ በቆመበት ካሬ ሜትር ላይ 20 ጀሪካን ውሃ ይወርዳል። አሪዞና ውስጥ ቱሳን የምትባል ከተማ አለች፤ ያ ክንዱን እንደ ሰው የሚዘረጋው ትልቁ ሳጓሮ ካክተስ በየኮረብታው የሚታይባት። እሷ ዓመቱን ሙሉ የምታገኘው 300 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። የእኛ አንድ ሐምሌ የእነሱን ዓመት ይበልጣል።

ስለዚህ የልጅዎ ፎቶ ደስ ይበል እንጂ ለእኛ አይገለበጥም። እዚያ ግቢው የሚሠራው ያቺ ጥቂት ዝናብ ስትመጣ እንድትቀር ነው። እዚህ ግቢው መሠራት ያለበት ውሃው ሳያድር እንዲሄድ ነው። ባሕር ዳር ግማሹን ዓመት አሪዞና ነች፤ አራቱን ወር ደግሞ ረግረግ። ቁልቋል አሪዞናዋን ባሕር ዳር አይፈራትም። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ቢረሱት ቅር አይለውም። ድካምዎን በሙሉ ለክረምቱ ያውሉት።

አሁን ወደ መሬቱ። ጥቁር ካሉኝ ዋልካ ነው። ዋልካ ለጤፍና ለሽምብራ ጥሩ ነው፤ ለቁልቋል ግን ሁለት ጊዜ ጠላት ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሠራል፤ ሲሰነጠቅ ቀጫጭኑን ሥር ይበጥሳል። በክረምት ያብጥና ድርግም ብሎ ይዘጋል። ሥር አየር ይፈልጋል። ውሃ የሞላው ዋልካ ውስጥ አየር የለም። ሥሩ ይታፈናል፤ የታፈነውን ሥር ሻጋታ ይገባበታል፤ መበስበሱ ከዚያ ወደ ግንዱ ይወጣል።

ክፋቱ ተክሉ ቶሎ አይናገርም። ጎመን ቢሆን በማግሥቱ ጠውልጎ ይነግርዎታል። ቁልቋል በግንዱ ውስጥ ስንቅ ስላለው ሥሩ ከሞተ በኋላ እንኳ ሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ ይቆማል። እርስዎም ጤነኛ መስሎዎት ያጠጡታል።

በራሴም ደርሷል። ቤቴን የሠራሁ ዓመት ደጃፌ ላይ አንድ ወገቤ የሚደርስ ቁልቋል ተከልኩ። አሸንዳ ገና አላስገጠምኩም ነበር፤ የቆርቆሮው ፍሳሽ በቀጥታ እግሩ ላይ ነበር የሚወርደው። እኔ፣ ተክል የማውቀው ሰውዬ፣ ይኼን አላየሁም። መስከረም ላይ እያለፍኩ በጣቴ ነካ አደረግሁት። ቆዳው ድንቅ ነው፤ አንዲት ነጠብጣብ የለበትም። ጣቴ ግን ገባ። ውስጡ የበሰበሰ ሙዝ ሆኗል። ገፋ ሳደርገው እንደ ሰካራም ዘመም አለና ተኛ። ስቆርጠው ነጭ ወተት አልወጣውም። ቡናማ ውሃ ነው የፈሰሰው፤ ሽታው የተበላሸ ድንች። ያንን ሽታ አንዴ ያወቀ አይረሳውም። የእርስዎም ክብ ካክተስ እንዲህ ነው የሞተው።

በነገራችን ላይ ያ ክቡና ቁልቋሉ ዘመድ አይደሉም። «የአገራችን እሾሃም ካክተስ» ብለዋል። እንቅጩን ልንገርዎትና፣ እንደዚያ ያለ ነገር የለም። የካክተስ ወገን በሙሉ የአሜሪካ አህጉር ነው። ከዚያ ውጪ በተፈጥሮ የምትገኘው ራይፕሳሊስ የምትባል አንዲት ዝርያ ብቻ ናት። እሷም በአፍሪካ ደን ውስጥ ዛፍ ላይ ተንጠልጥላ ነው የምትኖረው፤ እንደ ገመድ ናት፣ የሚዋጋ እሾህም የላት።

የእኛው ቁልቋል የዩፎርቢያ ወገን ነው። ወንድሙ ቅንጭብ ነው። እንዲህ ይለዩታል። እሾሁን ጠጋ ብለው ይዩት። የቁልቋል እሾህ በግንዱ ጠርዝ ላይ ጥንድ ጥንድ እየሆነ ይሰለፋል። የካክተስ እሾህ ግን ጥጥ ከመሰለች ትንሽ ቋጠሮ ነው ተሰብስቦ የሚወጣው። ሲቆረጥ አብዛኛው ካክተስ ውሃ ወይም ዝልግልግ ነገር ይወጣዋል፤ ቁልቋል ነጭ ወተት ያፈስሳል። መልካቸው የተመሳሰለው ድርቅ አንድ ዓይነት ትምህርት ስላስተማራቸው ነው። ሁለቱም ቅጠላቸውን ጣሉ፤ ግንዳቸውን ጎተራ አደረጉ። የሚተነፍሱባቸውን ቀዳዳዎች ቀን ዘግተው ሌሊት ይከፍታሉ፤ በፀሐይ ውሃ እንዳያልባቸው።

ቁልቋል በስሙም በአገሩም የእኛ ነው። በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በአገራችን የሰማውን ስም ይዞ «ኮልኳል» ብሎ መዘገበው፤ ሥዕሉንም በ1790 አሳተመ። በዓመቱ ጀርመናዊው ግሜሊን «ዩፎርቢያ አቢሲኒካ» የሚል ሳይንሳዊ ስም ሰጠው። ይኸው እስከ ዛሬ የሐበሻ ስም እንደያዘ አለ። ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ አዲስ ዘመንን አልፈው ተዳፋቱን ሲወጡ ልብ ይበሉ። ሜዳው ጥቁር አፈር ላይ ሳይሆን ድንጋያማው ገደል ላይ ነው ደልቶት የሚቆመው። ዝናቡ እዚያም ይዘንባል። ልዩነቱ ውሃው እግሩ ሥር አያድርም።

በለስ ደግሞ ሌላ ነው። እሱ እውነተኛ ካክተስ ነው፤ ከሜክሲኮ የመጣ። ወደ ሰሜኑ የአገራችን ክፍል የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ስሙ ሰውን ያምታታል፤ የመጽሐፍ ቅዱሱ በለስ ሾላ መሳዩ ዛፍ ነው። አዳምና ሔዋን ይኼን እሾሃሙን ቢያገለድሙት ኖሮ ከገነት የሚወጡት እየጮኹ ነበር። በለስ ይትከሉ ቢሉኝ አልከለክልዎትም፤ ፍሬው ይበላል። ግን እርስዎ የጠየቁት የአገር ተክል ነው፤ እሱ ደግሞ ዳር ካልያዙት ይስፋፋል። ትግራይ ውስጥ ቀይ ቀለም ይመረትበታል ተብሎ የገባው ኮቺኒል የተባለ ነፍሳት ራሱ በለሱን እየፈጀ ተባይ ሆኖ ቀርቷል። ጣና ላይ እንቦጭን ያየ የባሕር ዳር ሰው ስለ መጤ ተክል ብዙ ስብከት አያስፈልገውም፤ እዚህ ላይ ላብቃ።

እሺ፣ ሥራው። መጀመሪያ መሬትዎን ይፈትኑት። ክንድ የማይሞላ፣ 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጉድጓድ ይቆፍሩ። ውሃ ይሙሉት፤ ይምጠጥ። እንደገና ይሙሉትና ሰዓት ይያዙ። ከአራት ሰዓት በኋላ ውሃ ካለበት ያ ቦታ ለቁልቋል አይሆንም። የእርስዎ ዋልካ ፈተናውን ይወድቃል ብዬ ከአሁኑ ልወራረድ እችላለሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው አንድ ስሕተት ይሠራል። ዋልካው ውስጥ ጉድጓድ ይቆፍርና አሸዋና ጠጠር ይሞላበታል፤ ከዚያ ቁልቋሉን ይተክልበታል። ይኼ ሳፋ መሥራት ነው። የዙሪያው ውሃ ሁሉ ቀለል ወዳለው ጉድጓድ ይገባል፤ መውጫ ግን የለውም። ቁልቋሉ ክረምቱን ሳፋ ውስጥ እግሩን ዘፍዝፎ ይከርማል። የሸክላ ዕቃ ሥር ጠጠር መደርደርም እንደዚያው ነው። ሁሉም ያደርገዋል፤ አይጠቅምም። ውሃ ከላዩ ካለው ደቃቅ አፈር ወደ ጠጠሩ በቀላሉ አይወርድም፤ አፈሩ እስኪጠግብ ይጠብቃል። እርጥቡ ንጣፍ ወደ ሥሩ ከፍ አለ ማለት ነው። አፈሩን በሙሉ ጠጠራማ ያድርጉት፤ ሥሩ ላይ ቀዳዳ ይኑረው፤ በቃ።

ወደ ታች አይቆፍሩ፤ ወደ ላይ ይከምሩ። ጉብታ ይሥሩ። ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ የእግሩ ስፋት ሁለት ሜትር ይሁን። ዙሪያውን በጥቁር ድንጋይ ይያዙት፤ ባሕር ዳር ድንጋይ አይቸግርም። በድንጋዮቹ መካከል ግን ሲሚንቶ አያስገቡ፤ ውሃው በዚያ ነው የሚያመልጠው። ለሙሌቱ ለመንገድ መደልደያ የሚመጣውን፣ ሬድ አሽ የሚሉትን ቀይ ጠጠር ያስመጡ። የእሳተ ገሞራ ውጤት ነው፤ አንዷን ፍሬ ሰብረው ቢያዩአት ውስጧ እንደ እንጀራ ዓይን ዓይን ነው። ጥቂት ርጥበት ትይዛለች፤ የቀረውን ታሳልፋለች። ሁለት እጅ ሬድ አሽ፣ አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ፣ አንድ እጅ ቀይ አፈር። የግንበኛ ደቃቅ አሸዋ አይሁን፤ እሱ ይጠቀጠቃል። ኮምፖስት ካለዎት አንድ ሁለት አካፋ ይበቃል። ዩሪያ ግን ዞር አይበልበት። ዩሪያ ያገኘ ቁልቋል እንደ ወጠጤ ይለጠጣል፤ ሥጋው ለስላሳ ይሆናል፤ ለስላሳ ሥጋ ደግሞ ክረምት ላይ ቶሎ ይበሰብሳል።

ቦታውን ሲመርጡ ቀና ብለው ይዩ። የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ? ቁልቋል ዛሬ ጉልበትዎ ይደርሳል፤ ከተመቸው ዘጠኝና አሥር ሜትር የሚሆን ዛፍ ነው። ከግንብ ሦስት ሜትር ይራቅ። የቆርቆሮ ፍሳሽ አያግኘው፤ ከእኔ ይማሩ። ሙሉ ፀሐይ ይወዳል። ሕፃናት የሚጫወቱበት ጥግ አይሁን።

አሁን ስለ ተረፈው። ከአጋሙ ሥር ነው ብለዋል። እዚህ ጋ ሳቄ መጣ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝና። አባቶቻችን ምን አሉ? «ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል።» ይኼን ተረት ለክፉ ጎረቤት ነው የምንጠቅሰው፤ ነገር ግን በቀጥታው ቢወስዱትም ትክክል ነው። የአጋም እሾህ ጠንካራና ሹል ነው። ነፋስ ሲያወዛውዘው ቁልቋሉን ይወጋዋል፤ በተወጋበት ሁሉ ወተቱ ዕንባ መስሎ ይወርዳል። በበጋ ከሆነ ወተቱ ይደርቅና ቁስሉን ይደፍነዋል። በክረምት ግን ያ ቁስል ሻጋታ የሚገባበት በር ነው። ሄደው ይዩት። ግንዱ ላይ ነጭ የደረቀ መስመር ካለ እያለቀሰ ነው።

አጋሙን አይንቀሉት፤ አደራ። እሱም የአገራችን ነው፤ ፍሬው ይበላል፤ ለአጥር ከእሱ የሚሻል የለም። ቁልቋሉን ነው የምናነሣው። መጀመሪያ ግን ጤንነቱን ይመርምሩ። ከመሬት ከፍ ብሎ ያለውን ግንድ በእንጨት ጫን ጫን ያድርጉት። ጠንካራ ከሆነ ደህና ነው፤ ኅዳር ላይ፣ መሬቱ ሲጠፍ፣ ከነሥሩ ያዛውሩት። ሲያወጡት የጠቆረና የሚላላጥ ሥር ካለ ይቁረጡት፤ አንድ ሳምንት ጥላ ሥር ያቆዩት፤ ከዚያ በደረቅ አፈር ይትከሉት። ቶሎ አያጠጡት።

ከሥሩ ከለሰለሰ ግን ሥሩን ለማዳን አይልፉ። ከላይ ጤነኛው ጋ ይቁረጡት። የተቆረጠውን ገጽ ይዩ። መሃሉ ላይ ቡናማ ቀለበት ወይም ነጠብጣብ ካለ መበስበሱ ደርሶበታል፤ ከፍ ብለው እንደገና ይቁረጡ። ንጹሕ ነጭና አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ። በየመሐሉ ቢላዋውን ይጥረጉ።

ከሌላ ቁልቋል ቅርንጫፍ ማራባትም እንዲሁ ነው። ከጎረቤት አጥር ላይ አስፈቅደው አንድ ክንድ የሚሆን ይቁረጡ፤ በተገጣጠመበት አንገቱ ጋ። ወተቱ እስኪቆም ውሃ ያፍስሱበት። ከዚያ ጥላ ሥር፣ አየር በሚያገኝ ቦታ፣ ሦስት ሳምንት ያቁሙት። አያስተኙት፤ ከተኛ ይጎብጣል። ቁስሉ እንደ ቡሽ ሲጠነክር ነው የሚተከለው። ይኼ ትዕግሥት ለብዙ ሰው ያቅተዋል። ትኩስ ቁስል እርጥብ አፈር ውስጥ መክተት ግን ቁልቋሉን ለሻጋታ ማቅረብ ነው። ሲተክሉት በጥልቀት አይቅበሩት፤ ጣት ያህል ይበቃል። በድንጋይ ወይም በሁለት እንጨት ይደግፉት።

ውሃ? ከተተከለ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጆግ። ከዚያ በመጀመሪያው በጋ በየሦስት ሳምንቱ ሦስት ሊትር ያህል። ዝናብ ሲጀምር እጅዎን ያጥፉ። ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ጨርሶ ባያጠጡትም ይኖራል። አንዲት 20 ሊትር ጀሪካን ለአንድ ቁልቋል ከአራት ወር በላይ ትሄዳለች። ሣሩስ? 30 ካሬ ሜትር ሣር በበጋ በቀን 120 ሊትር ይጠጣል፤ ስድስት ጀሪካን፣ በየቀኑ። የነቀሉት ደግ አደረጉ።

የወተቱን ነገር አሁን ላምጣው። አንድ ጊዜ ቁልቋል ስቆርጥ ላቤ ዓይኔ ላይ ወረደና በክንዴ ጠረግሁት። ክንዴ ላይ ወተት ጠብ ብሎ ኖሯል። መጀመሪያ ምንም አልተሰማኝም። ትንሽ ቆይቶ አሸዋ የገባ መሰለኝ፤ ከዚያ በርበሬ። ማታ ዓይኔን መግለጥ አቃተኝ፤ የአምፖል ብርሃን እንደ መርፌ ይወጋኛል። ታክሜ ድኛለሁ፤ ሳምንት ያህል ግን በአንድ ዓይን ነው የሠራሁት። ወዲያው ታጥቦ ከታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ችላ ከተባለ ግን ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ሰዎቹ አልዋሹዎትም።

ስለዚህ ሳይቆርጡ በፊት ውሃ ያዘጋጁ። ቧንቧው በሚጠፋበት ሰፈር ይኼ ቀልድ አይደለም፤ የሞላ ንጹሕ ጀሪካን አጠገብዎ ይቀመጥ። መነጽርና ጓንት ያድርጉ፤ ረጅም እጅጌ ይልበሱ። ነፋስ ባለበት ቀን አይቁረጡ። ከራስዎ በላይ ያለውን ቅርንጫፍ ከሥሩ ቆመው አይቁረጡ። ዓይን ውስጥ ከገባ ሳያሹት ለ15 እና ለ20 ደቂቃ ውሃ ያፍስሱበት፤ ከዚያ በዚያኑ ቀን ዓይን ሐኪም ዘንድ ይሂዱና «ቁልቋል ነው» ብለው ይንገሩት። ቅቤ፣ የጡት ወተት፣ ቅጠል ምናምን የሚልዎትን አይስሙ። ቆዳ ላይ ከተንጠባጠበ ሳይደርቅ በሳሙና ይታጠቡት። የቆረጡትን ቁርጥራጭ ደግሞ ወደ ሐይቁ በሚወርድ ቦይ ውስጥ አይጣሉት። የዚህ ወገን ወተት ዓሣ ይጎዳል። የጣና አጥማጆች ብርብራ የሚባለው ዛፍ ፍሬ ዓሣን ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ፤ ይኼም የዚያው ዓይነት ነው። ፀሐይ ላይ ይድረቅና ይቀበር።

ጉብታው ላይ ቁልቋል ብቻውን ከቆመ ይደብራል። ከታች በኩል እሬት ይትከሉ። እሷም የአገራችን ናት፤ ጠርዟ እሾሃም ነው፤ አበባ ስታወጣ ማር የሚመጥጡት ትንንሽ ወፎች ከጠዋት ጀምሮ ግቢዎን አይለቁም። የጥብስ ቅጠልም እዚያው ትስማማለች፤ ለወጥ ቤትም ትጠቅማለች። ከቁልቋሉ እግር ሥር ግን ሣር ወይም ገለባ አያልብሱ፤ ርጥበት ይይዛል። ሬድ አሹን ራሱን ይበትኑበት።

የልጅዎ ስጦታ ነው የቀረው። ካክተስ በሻንጣ ይዛ አትምጣ። ካክተስም ሆነ እንደ ቁልቋል ያሉት ዩፎርቢያዎች ሳይቲስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ናቸው፤ ድንበር ለማሻገር ፈቃድ ይጠይቃል። ከዚያ ላይ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት አለ። አንዲት የታመመች ካክተስ ይዛ የምትገባው ተባይ ምን እንደሚያደርግ ኮቺኒል አሳይቶናል። ሳጓሮውማ ጭራሽ አይታሰብ። በአሥር ዓመቱ ከጣት ርዝመት አያልፍም። የመጀመሪያ ክንዱን ለማውጣት 50 ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። እርስዎም እኔም አንደርስበትም። የፈረንጅ ካክተስ ካማረዎት እዚሁ ካሉት ችግኝ ሻጮች ይግዙና በዕቃ ይትከሉት፤ ከሰኔ እስከ መስከረም በረንዳ ላይ፣ ጣሪያ ሥር፣ ያለ ጠብታ ውሃ ይክረም። ጥቅምት ሲገባ ወደ ፀሐይ ያውጡት።

ፀሐይ ካልን አይቀር፣ ያንን ከአጋሙ ሥር ያለውን ከማንሣትዎ በፊት ወደ ደቡብ የዞረውን ጎኑን በኖራ ምልክት ያድርጉበት። ባሕር ዳር ላይ ፀሐይ አብዛኛውን ዓመት ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ያ ጎን ለምዷታል። ጉብታው ላይም በዚያው አቅጣጫ ያቁሙት። ጥላ የለመደው ጎን በድንገት ፀሐይ ላይ ከዞረ ይቃጠላል፤ ጠባሳውም አይጠፋም። ሁለት ሳምንት ማዳበሪያ ከረጢት ቢያለብሱት ጥሩ ነው።

ጉብታውን ኅዳር ላይ፣ የተረፈውን ከማዛወርዎ በፊት ይጨርሱት። የካቲት መጨረሻ ላይ አዲሱን ቅርንጫፍ ይቁረጡ። መጋቢት በሙሉ ሲደርቅ ይቆይና ለፋሲካ ተከላው ይደርሳል። ለልጅዎም ይንገሯት፤ ከአሪዞና የሚያስፈልገን ነገር ቢኖር ወፍራም የቆዳ ጓንትና ጎኑ የተሸፈነ የዓይን መከላከያ መነጽር ነው። ሁለት ሁለት ታምጣ፤ ቅርንጫፉን የሚይዝልዎት እሷው ናት።